ኮርናስ፦ ሸካራነቱ ከየት ይመጣል?

ከፓሪስ በፈጣኑ ባቡር ቫላንስ ለመድረስ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ቫላንስ ሁለት ጣቢያ አላት። ፈጣኑ ባቡር በአብዛኛው የሚቆመው ከከተማው ውጭ ባለው ስለሆነ፣ መሀል ከተማ ለመግባት በአካባቢው ባቡር መቀየር የተለመደ ነው። ከዚያ የሮን ወንዝን በድልድይ ተሻግሬ ወደ አርዴሽ ምድር ገባሁ። ከሳን ፔሬ በላይ የክሩሶል ግንብ ፍርስራሽ በነጣ የኖራ ድንጋይ ገደል ላይ ቆሟል። ሳን ፔሬ ነጭ ወይን ብቻ የሚጠመቅባት ከተማ ናት። ከእሷ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ያለችው ኮርናስ ደግሞ ቀይ እንጂ ሌላ አታውቅም። ያውም ከአንድ ዝርያ፣ ከሲራ ብቻ። ሕጉ ሌላ ዝርያ ጠብታ እንኳ እንዲቀላቀል አይፈቅድም።

እኔን ወደዚህ የሳበኝ በየወይን መደብሩ የሚደጋገመው ወሬ ነው፤ የኮርናስ ወይን ሸካራ ነው፣ አፍ ይጨብጣል፣ አሥር ዓመት ካልተቀመጠ አይቀመስም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1763 የመንደሩ ቄስ ሳይቀሩ ስለ ተራራው ሲጽፉ ወይኑን በጣም ጥሩ ጥቁር ወይን ብለውታል። ሸካራነቱ ከአፈሩ ነው ወይስ ከጠማቂው? መልሱ የሚጀምረው ከዳገቱ ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደ ምዕራብ የሚያወጣው መንገድ ወዲያው ቀጥ ያለ ዳገት ይሆናል። የመንደሩ እርሻ ከ125 ሜትር ገደማ ተነስቶ እስከ 400 ሜትር ግድም ይወጣል፤ አንዳንዱ ተዳፋት በእግር እንኳ ቀጥ ብሎ የሚወጣበት አይደለም። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው እዚህ እንግዳ አይሆንም። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ የተካቡ የድንጋይ ግድግዳዎች እየተደራረቡ ይወጣሉ። አንዳንዱ እርከን የሚይዘው ሁለትና ሦስት መስመር ተክል ብቻ ነው። ካቡ የሚፈርሰው ደግሞ ሁሌም በአንድ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል፤ ዝናብ ከኋላው ሲጠራቀምና መውጫ ሲያጣ። ስለዚህ ጥሩ ካቢ ከፊት ትልልቁን ድንጋይ ካስቀመጠ በኋላ ከጀርባው ደቃቅ ጠጠር ይሞላል፣ ፊቱንም ጥቂት ወደ ዳገቱ ያዘነብለዋል። ጠጠሩን ትቶ አፈር የሞላበት ሰው ከጥቂት ክረምት በኋላ ካቡ ሲያብጥ ያየዋል። ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ ታች የወረደውን አፈር መልሶ ማውጣትም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ትራክተር በማይገባበት ቦታ ማረሻው ከላይ በቆመ ሞተር፣ በሽቦ ገመድ እየተሳበ ይወጣል፤ ያም በማይሆንበት ዶማ ነው።

አፈሩን በእጅ ሳነሳው እንደ ሻካራ አሸዋ በጣቶቼ መሀል ፈሰሰ። የፈራረሰ ግራናይት ነው፤ ውሃ አይዝም፣ ከሥሩ ያለው ዐለት ግን ስንጥቅ ስላለው የተክሉ ሥር በዚያ ገብቶ ይወርዳል። ያረጀ ተክል በድርቅ የሚጸናው በዚህ ነው። ወጣቱ ግን ሥሩ ገና ላይ ላይ ስለሆነ በሐምሌና ነሐሴ ሙቀት ይጨነቃል። ምልክቱ ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ መሆናቸው ነው። በዚህ ጊዜ ፍሬው ውሃ እያጣ ይጨማደዳል፣ ስኳሩም ይከማቻል፤ ሆኖም የፍሬው ቆዳና ዘር አልበሰለም። አልኮሉ 14 በመቶ የደረሰ፣ ታኒኑ (ከቆዳና ከዘር የሚወጣው፣ አፍ የሚጨብጠው ነገር) ግን ጥሬ የሆነ ወይን ከዚህ ይወለዳል። የመጀመሪያውን የሸካራነት ምንጭ እዚህ አገኘሁት፤ አፈሩ ብቻውን ሳይሆን የተሳሳተ የለቀማ ቀን ነው።

ተዳፋቱ እንደ ትልቅ ቅስት ታጥፎ ፊቱን ወደ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ሰጥቷል። በሰሜን በኩል አርሌት የሚባለው ኮረብታ ሚስትራልን፣ ያን ከሰሜን የሚነፍስ ቀዝቃዛና ደረቅ ነፋስ፣ ይመልስለታል። ሙቀቱ ስለሚጠራቀም ኮርናስ ከሰሜናዊ ሮን መንደሮች ሁሉ ቀድመው ከሚለቅሙት አንዷ ናት። መጠለያው ዋጋም አለው፤ ነፋስ ቅጠሉን ካላደረቀው ከዝናብ በኋላ ሻጋታ ቶሎ ይነሳል፣ በተለይ ከታች፣ አፈሩ ከባድ በሆነበት። የሲራ ቀንበጥ ረጅምና በቀላሉ የሚሰበር ነው። ለዚህም እያንዳንዱ ተክል የራሱ ካስማ ተተክሎለት ይታሰራል። ማሰሩ አንድ ሳምንት ከዘገየና ነፋስ ከቀደመ የዓመቱ ፍሬ መሬት ላይ ይቀራል።

በመንደሩ ያለው የወይን እርሻ በጠቅላላው 150 ሄክታር ግድም ብቻ ነው፤ ሆኖም አንድ ዓይነት አይደለም። መሀሉ ላይ ሬናር የሚባለው ማሳ ንጹሕ ግራናይት ነው። ወደ ሰሜን ጫፍ፣ ሻዮ ስደርስ ግን ከእግሬ ሥር ነጫጭ የኖራ ድንጋይ መታየት ጀመረ፤ ሸክላውም ጨመረ። ጎን ለጎን ስቀምሳቸው ከሬናር የሚመጣው ቀጥ ያለ፣ ጨው ጨው የሚል፣ ታኒኑ ደቃቅና ጠበቅ ያለ ነው። የሻዮው ወፈር ያለና ቶሎ የሚከፈት ነው። ጠማቂው ቲዬሪ አሌማን ሁለቱን ለየብቻ በጠርሙስ ስለሚያወጣ ልዩነቱን ለመማር ከእሱ የተሻለ የለም፤ ችግሩ ዋጋው ነው፣ ለብዙዎቻችን የሚደፈር አይደለም። ሌላው ጠማቂ፣ የክላፕ ቤተሰብ፣ በተቃራኒው ኮርናሱን የየማሳውን ወይን አቀላቅሎ ይሠራል። የእኔ ሚዛን ወደ ቅልቅሉ ያደላል፤ በሙቅ ዓመት የከፍታውና የቀዝቃዛው ማሳ ፍሬ የታችኛውን ያቃናዋል።

ወደ ምድር ቤቱ እንውረድ። የቆየው አሠራር ዘለላውን ከነእንጨቱ፣ ማለትም ፍሬዎቹን ከሚይዘው ጭራ ጋር፣ በሲሚንቶ ወይም በእንጨት ጋን ውስጥ ማፍላት ነው። ሲፈላ ቆዳው ወደ ላይ ተንሳፍፎ ወፍራም ሽፋን ይሠራል፤ በቀን አንድና ሁለት ጊዜ በእግር ወይም በእንጨት ወደ ታች ይጫናል፣ ካልሆነም ፈሳሹ ከሥር እየተቀዳ ላዩ ላይ ይፈሳል። ችላ ከተባለ ሽፋኑ ይደርቅና ወደ ኮምጣጤ ይዞራል። የዘለላው እንጨት ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ሲበስልና ቡናማ ሲሆን ቅመም ቅመም የሚል ሽታና ቀጥ ያለ መዋቅር ይሰጣል፤ አረንጓዴ ከሆነ መራራነቱን ይለቃል። በተጨማሪም ፖታሲየም ስለሚያወጣ አሲዱን ያለዝበዋል፣ ቀለሙንም ጥቂት ይቀንሰዋል። በቀዝቃዛ ዓመት እንጨቱን ሳያወጡ ማፍላት፣ ሁለተኛው የሸካራነት ምንጭ ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የወይን ጠመቃ ባለሙያው ዣን ሉክ ኮሎምቦ ፍሬውን ከእንጨቱ መለየትንና አዲስ የኦክ በርሜልን ይዞ ብቅ ሲል መንደሩ ሁለት ጎራ ሆነ። የእሱ ወገን ስለ ንጽሕና ያነሳው ነገር ትክክል ነበር። ባለ 228 ሊትሩ አዲስ በርሜል ግን ሲራውን በቫኒላና በጭስ ይጋርደዋል፣ የራሱን ታኒንም ይጨምርበታል። ዛሬ ብዙ ጠማቂ ወደ ቆየው ባለ 600 ሊትር በርሜል ተመልሷል። ትልቅ በርሜል ለአንድ ሊትር ወይን የሚደርሰው የእንጨት ገጽ ትንሽ ነው፤ አየሩ በዝግታ ይገባል፣ የእንጨቱም ጣዕም አይጎላም።

ሲራ አየር ሲያንሰው የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ያወጣል። መድኃኒቱ ወይኑን ከአተላው ላይ አንስቶ፣ አየር እያስነኩ ወደ ሌላ በርሜል መገልበጥ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ከተገኘም ወደ ማንቆርቆሪያ ገልብጦ አንድ ሁለት ሰዓት ማቆየት ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። የፈረስ በረት የሚመስለው ሽታ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ብሬታኖማይሲስ የተባለው እርሾ ሥራ ነው፤ ባልተጸዳ አሮጌ በርሜል ውስጥ ይኖራል፣ አሲዱ በላላ ወይን ይስፋፋል፣ አየር ቢሰጡትም አይለቅም። ይህን ሽታ የኮርናስ አፈር ጠባይ ነው ብለው የሚሸጡ አሉ፤ አይደለም። ጠባዩ ጥቁር ወይራ፣ ቫዮሌት አበባ፣ የደም ብረት የሚመስል ጣዕምና ቁንዶ በርበሬ ነው። ቁንዶ በርበሬው ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ሮተንደን የሚባለው ሽታ ሰጪ ውህድ በሲራ ቆዳና በቁንዶ በርበሬ ውስጥ አንድ ነው።

በዝዋይ ከሚለማው ሲራ የተጠመቀውን ሪፍት ቫሊ የቀመሰ ሰው ዝርያውን ያውቀዋል፤ እዚህ የሚገጥመው ግን ጠቆር ያለ፣ ፍሬው ወደ ኋላ፣ ማዕድኑ ወደ ፊት የሆነ ወይን ነው። ከምግብ ጋር ሲሆን በርበሬ የበዛበትን ወጥ ይተዉ፤ ቅመሙ አልኮሉንና ታኒኑን ያነደዋል። አዋዜ ያልነካው የበግ ጥብስ፣ ሮዝመሪው በዛ ያለ፣ እጅግ ይስማማዋል። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይቅዱት፤ ከዚያ ከሞቀ አልኮሉ ይወጣል፣ ከቀዘቀዘ ታኒኑ ይጎላል።

መሄድ ለሚያስብ፦ ጠማቂዎቹ አነስተኛ ቤተሰቦች ናቸው፣ ሳይቀጥሩ በር ማንኳኳት አያዋጣም፤ በሴፕቴምበር ለቀማ ላይ ስለሆኑ የሚቀበል አይገኝም። ብዙዎቹን በአንድ ቦታ ለማግኘት በዲሴምበር መጀመሪያ የሚደረገው የመንደሩ የወይን ገበያ ይሻላል። ጠርሙስ ስትመርጡ ዓመቱን እዩ። እ.ኤ.አ. 2014 ቀለል ያለ፣ ዛሬ ያለ ችግር የሚጠጣ ነው። 2010 እና 2015 ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ ከ2015 ሁለት ጠርሙስ ያለው ሰው አንዱን አሁን ከፍቶ ሁለተኛውን ጥቂት ዓመት ቢያቆየው አይጎዳም።