በጉልበቴ ምክንያት የለቀቅሁት ሜዳ፣ የመለሰኝ ደብተር

በ21 ዓመቴ የግራ ጉልበቴ የፊት መስቀለኛ ጅማት ለሁለተኛ ጊዜ ተበጠሰ። ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ሜዳ ለመመለስ 10 ወር ፈጅቶብኝ ስለነበር ሁለተኛው ምን እንደሚመስል አውቀው ነበር፤ ክለቡም ያውቀው ነበርና ውል የማራዘሙ ነገር ከዚያ ቀን በኋላ አልተነሣም። ከእግር ኳስ ሌላ ሙያ አልነበረኝም። ዛሬ የስፖርት ዘጋቢ ፊልሞች ኤዲተር ነኝ፤ በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ቅዳሜና እሑዶች ደግሞ በቀጥታ ስርጭት መኪና ውስጥ የድጋሚ ምስል ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። በሁለቱ መካከል 14 ዓመት አለ።

ተጫዋች እንደነበርኩ የሰማ ሰው ሁሉ የስፖርት ተንታኝ እንድሆን ይመክረኝ ነበር። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም የተንታኝ ወንበር ጥቂት ነው፤ እሱም የሚሰጠው ተመልካች በስሙ ለሚያውቀው ሰው ነው እንጂ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ሁለት የውድድር ዘመን ለተጫወተ አማካይ አይደለም። ለተጫዋቾች ማንም የማይነግራቸው ነገር ግን አንድ ጨዋታ በቴሌቪዥን እንዲታይ ከካሜራና ከድምፅ ጀምሮ እስከ ግራፊክስና ምስል መቀላቀል ድረስ ብዙ ሙያተኛ የሚያስፈልግ መሆኑን ነው። እኔ የገባሁት ከሁሉም ዝቅ ባለው በር፣ በገመድ ዘርጊነት ነው።

ገመድ በክንድ ዙሪያ አይጠቀለልም። አንዱን ቀለበት በቀጥታ፣ ቀጣዩን ገልብጦ እያፈራረቁ ነው የሚጠቀለለው፤ እንዲህ ካልሆነ ውስጥ ውስጡን ይጠማዘዝና በሚቀጥለው ጊዜ ሲዘረጋ ይቋጠራል፣ ውሎ አድሮም ሽቦው ይበላሻል። ይህን በወጉ ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የካሜራ ክፍሉ ኃላፊ ስለ ሕልሜም ሆነ ስለ ጉልበቴ አንድም ጊዜ አልጠየቀኝም፤ ጨዋታው ሲያልቅ የጠቀለልኩትን አንሥቶ ያይ ነበር እንጂ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ገመዱን ሰብስቤ ከጨረስኩ ወደ መኪናው ገብቼ ከድጋሚ ምስል ባለሙያዋ ጀርባ እንድቀመጥ ፈቀደልኝ።

በእሷ ፊት ያለው መቅጃ ከእያንዳንዱ ካሜራ የሚመጣውን ምስል ሳያቋርጥ ይቀዳል። በአንድ እጇ ክቡን መዘውር እያሽከረከረች ድርጊቱ የጀመረበትን ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ትፈልጋለች፣ በሌላው ማንሻውን እየገፋች የምስሉን ፍጥነት ትወስናለች። ለዚህ ሁሉ ያላት ጊዜ ጎል ያገባው ተጫዋች ወደ ደጋፊው ሮጦ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው። በእነዚያ ምሽቶች ባዶ በሆነው መኪና ውስጥ ያለቀውን ጨዋታ መልሼ እየከፈትኩ በራሴ ተለማመድኩ፤ በሁለተኛው ዓመት ማብቂያም ወንበሩ ተሰጠኝ።

ወንበሩ ላይ በተቀመጥኩ በአራተኛው ጨዋታ ያጠፋሁት ጥፋት እስካሁን ይነሣል። አንድ አጥቂ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ፣ በሁለተኛው አጋማሽ አንድ ጎል አገባ። ሁለቱንም ክሊፖች «ጎል፣ 9 ቁጥር» ብዬ ሰይሜያቸው ስለነበር ሁለተኛው ጎል ሲገባ የመጀመሪያውን አጫወትኩ። ቡድኖቹ ከእረፍት በኋላ ጎን ስለሚቀያየሩ ኳሷ በቤቱ ሁሉ ፊት በተቃራኒው ጎል ውስጥ ስትገባ ታየች። የዳይሬክተሩ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው ገብቶ ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፈውም። እ.ኤ.አ. በ1963 ቶኒ ቬርና የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዳይሬክተር በቀጥታ ስርጭት ላይ ወዲያው የተደገመውን የመጀመሪያ ምስል ሲያሳይ፣ ተመልካቹ ቡድኑ ሌላ ነጥብ ያስቆጠረ እንዳይመስለው ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ ማስጠንቀቅ ነበረበት። የእኛም ጋዜጠኛ ያንኑ ማድረግ ግድ ሆነበት፤ ልዩነቱ የቬርና ምስል ትክክለኛው መሆኑ ነበር።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ደብተር ያዝኩ። እያንዳንዱን ክሊፕ በሰዓቱ፣ በካሜራው ቁጥር፣ በአጋማሹና በድርጊቱ እየለየሁ መጻፍ ጀመርኩ፤ በጨዋታው ውስጥ ያለው አልበቃኝ ብሎም ከጨዋታው ውጭ ያለውን ጨመርኩበት። ተቀይሮ የወጣ በረኛ ፎጣ በራሱ ላይ ጥሎ ሲቀመጥ፣ ረዳት አሠልጣኝ ባዶ ጠርሙስ ሲያነሣ፣ ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ ልጅ የጫማውን ክር ፈትቶ መልሶ ሲያስር። ለምን እንደምጽፈው ቢጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። እኔም ተጫዋች ሳለሁ በተቀያሪዎች ወንበር ላይ ብዙ የተቀመጥኩ ስለሆንኩ ዓይኔ ወደዚያ ይሄድ ነበር መሰለኝ።

በዚሁ ጊዜ ከሥራ ባልደረቦቼ አንዳንዶቹ ወደ ቫር፣ ማለትም ዋናውን ዳኛ በቪዲዮ ወደሚረዱት ዳኞች ክፍል ሄዱ። የጨዋታ ሕጎች ቫርን እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያካትቱ ለድጋሚ ምስል ባለሙያም ቦታ ስለሰጡ ይህ ለእኛ አዲስ የሥራ መስክ ሆነ። እኔ አልሄድኩም፤ ከዚያ አሠራር ግን አንድ ነገር ወስጃለሁ። መመሪያው ንክኪው የት እንደደረሰ ወይም ኳሷ ከሜዳ መውጣቷን ለማየት ዝግታ ምስልን ይፈቅዳል፤ የጥፋቱን ጉልበት ለመመዘን ግን ምስሉ በተለመደው ፍጥነት እንዲታይ ያዛል። ምስል ሲዘገይ ሰውየው ለማሰብ ጊዜ የነበረው ስለሚመስል፣ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ የሆነ ስሕተት ታስቦበት የተደረገ ሆኖ ይታያል። ዛሬ ፊልም ስሠራ ዝግታን የምጠቀመው በቁጠባ ነው፤ ከዳይሬክተሮች ጋር ከምንከራከርባቸው ነገሮች ዋነኛውም ይኸው ነው።

ደብተሩ ሥራ ያስገኘልኝ ባልጠበቅሁት መንገድ ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ስለሳተው ያ ልጅ ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ለክለቡ የተቀዳውን ሁሉ ቢያገላብጡም ያገኙት ምቱንና ዳኛውን ብቻ ነበር። እኔ ገጹን ገልጬ ጨዋታውን፣ ሰዓቱንና የካሜራውን ቁጥር ነገርኳቸው፤ የጫማው ክር ተገኘ። ኤዲተሯ በሳምንቱ ደውላ ረዳቷ እንድሆን ጠየቀችኝ። ገቢዬ በአንድ ሦስተኛ ስለሚቀንስ አራት ቀን አሰብኩ፤ ሚስቴ ግን አንድ ምሽት በቅታታለች።

የረዳት ኤዲተር ሥራ ድምፅን ከምስል ማጋጠም፣ ቀረጻን በሦስት ቅጂ ማኖር፣ በሰከንድ በ24 ፍሬም የተቀረጸውን በ25 ከተቀረጸው ለይቶ ማደራጀት ነው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። አራት ዓመት ሠራሁት። እግረ መንገዴን ግን ኤዲተሯ ለምን ትዕይንቱን ከንግግሩ በፊት እንደምትቆርጠው፣ ለምንስ አድማጩ ፊት ላይ እንደምትቆይ አየሁ፤ በማታም የእሷን ትዕይንት በራሴ መንገድ እየቆረጥኩ ከእሷው ጋር አስተያየው ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የእሷ ይበልጥ ነበር። ሰኞ ሰኞ የተሸነፍንበትን ጨዋታ በአሠልጣኙ ፊት ተቀምጦ የማየት ልማድ ስለነበረኝ ቆርጬ የሠራሁት ሲነቀፍ አልከፋኝም፤ ከኳስ የተረፈኝ ትልቁ ሀብት ይህ ይመስለኛል።

ገንዘብንና ውልን በተመለከተ ዘግይቼ ነው የተማርኩት። በአንድ ፊልም ላይ ስምንት ወር ስሠራ ክፍያዬም ሆነ ስሜ በቃል ብቻ ነበር የተነገረኝ። ክፍያው ዘግይቶ መጣ፤ ስሜ ግን ፊልሙ ሲያልቅ በሚያልፈው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ቀጣዩ ቀጣሪ የሚያየው ያንን ዝርዝር ስለሆነ ስምንቱ ወር ለሙያ ታሪኬ እንዳልነበረ ሆነ። አሁን ሥራ ከመጀመሬ በፊት የክፍያው ቀን፣ የማሻሻያው ዙር ብዛት እና የስሜ አጻጻፍ በውሉ ላይ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ፤ ፊደል በፊደል።

ወደ ስርጭት መኪናው የምመለሰው በፊልምና በፊልም መካከል ያለው ባዶ ወራት ኪሴን ስለሚነካ ነው፤ ናፍቆት የለበትም ማለት ግን አልችልም። ባለፈው ወር ዳይሬክተሩ ቁጥሬን ለአዲስ ረዳት ሊሰጥ ስልኩን ሲከፍት ከትከሻው በላይ አየሁ። በውል ላይ ፊደል በፊደል የማስጽፈው ስሜ እዚያ የለም፤ የተመዘገብኩት «አንደኛው አጋማሽ» ተብዬ ነው።