በጅማ የበረራ ሲሙሌተር ኮምፒውተር ስገጣጥም፦ ከሶኬቱ እስከ ጆይስቲኩ

የበረራ ሲሙሌተር (አውሮፕላን ማብረርን ስክሪን ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ኮምፒውተር ልገጣጥም ነው ስል ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «የትኛውን ግራፊክስ ካርድ ልትገዛ ነው?» እኔ ግን ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል ስለሚሠራው ስለዚህ ካርድ ያሰብኩት ወደ መጨረሻው ነው። ጅማ ላይ ይህን ማሽን የሚገጣጥም ሰው መጀመሪያ ሦስት ነገር ማወቅ አለበት፦ የትኛውን ሲሙሌተር እንደሚያበር፣ የቤቱ መብራት ምን እንደሚመስል፣ ኢንተርኔቱ ምን ያህል እንደሚችል። እነዚህ ከታወቁ የቀረው ምርጫ ይቀላል።

ምኞቴ ግልጽ ነበር። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ እነሳለሁ። ከዚያ የአዲስ አበባን መንገድ ከላይ እየተከተልኩ ሰኮሩን፣ የጊቤን ሸለቆ፣ ወልቂጤንና ወሊሶን አልፌ ቦሌ አርፋለሁ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ይህን መንገድ በአውቶቡስ የማያውቅ የጅማ ሰው የለም። ከላይ ሲታይ ግን ሌላ አገር ነው። ለእኔ ዋናው ነገር የጊቤ ሸለቆ ስክሪኑ ላይ ጊቤን መምሰሉ ነው። ውጊያ፣ ውድድር፣ በሰከንድ 120 ፍሬም (ምስል) አልፈልግም። ይህ ልዩነት በኋላ ብዙ ብር አድኖልኛል።

ከሲሙሌተሩ ልጀምር። በፈረንጆቹ ኅዳር 2024 የወጣው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 ውብ ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን አብዛኛውን መልክዓ ምድር የሚያመጣው እያበረርክ ከኢንተርኔት እየሳበ ነው። ትንሹ የሚጠይቀው ፍጥነት 10 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ በደንብ እንዲሠራ 50 ይመከራል። ፍጥነቱ ላይ መድረስ አንድ ነገር ነው፤ በረራው እስኪያልቅ ሳይቆራረጥ መቆየቱ ሌላ ነው። በዚያ ላይ የዳታ ፓኬጁ ወጪ አለ። እኔ ኤክስ-ፕሌን 12ን መረጥኩ። እሱ መልክዓ ምድሩን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይበራል።

የኤክስ-ፕሌን የራሱ ምድር ግን የእኛን አካባቢ በደንብ አያሳይም። እዚህ ላይ ኦርቶ4ኤክስፒ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የሳተላይት ፎቶ አውርዶ ሲሙሌተሩ ላይ ያነጥፋል። ምድርን የሚከፋፍለው አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ በሆኑ ቁራጮች ነው። ጅማ ያለችው በ7 ዲግሪ ሰሜንና በ36 ዲግሪ ምሥራቅ ቁራጭ ውስጥ ነው። ቦሌ ደግሞ በ8 እና 38 ውስጥ። በመሐል ያሉትን ሁለቱን ጨምረህ አራት ቁራጭ መንገዱን በሙሉ ይሸፍናል። የፎቶውን ጥራት በአንድ ደረጃ ከፍ ባደረግክ ቁጥር የፎቶው ብዛት በአራት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ መላ ኢትዮጵያን በከፍተኛ ጥራት ላውርድ ማለት አያዋጣም። መንገዱን በመካከለኛ፣ የአየር ማረፊያዎቹን ዙሪያ በከፍተኛ ጥራት አደረግሁ። ማውረዱን ለሌሊት ነው የተውኩት።

ቀጥሎ መብራት። ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ኤሌክትሪካል የሚማረው የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ መጀመሪያ ካርዱን እንግዛ፣ ዋጋው እየጨመረ ነው» ሲለኝ «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ሶኬቱን እንይ» አልኩት። ሰፈራችን ያለ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ሲለካ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ኧርዝ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) የሚባል ነገር የለም። ሶኬቱ ባለ ኧርዝ ይመስላል፣ ከጀርባው ግን ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ብዙ ቤት እንዲህ ነው። የኮምፒውተር ኬዝ ስትነካ ውርር የሚያደርግህ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዘንግ ተቀብሮ ኧርዝ ተሳበ። ወጪው ከአንድ ጥሩ ራም ያነሰ ነበር። ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ በፊት ይህ በመሠራቱ ዛሬም ደስ ይለኛል።

መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቁጥሩ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቪኤ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚበላው ግን ዋት ነው። 1000 ቪኤ የተባለ ዩፒኤስ 600 ዋት ብቻ ሊሰጥ ይችላል። በትንሹ የተጻፈውን የዋት ቁጥር ፈልጉ። ሁለተኛው የሚያወጣው ሞገድ ነው። ርካሾቹ በባትሪ ሲሠሩ የሚሰጡት ደረጃ ደረጃ ያለው ሞገድ ነው። ኬዙ ውስጥ ሆነው ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍሉት ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ደግሞ አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባል ሰርኪት አላቸው። አንዳንዶቹ ከዚህ ሞገድ ጋር አይስማሙም፤ መብራት በሄደባት ቅጽበት ማሽኑ ድርግም ይላል። ያኔ ዩፒኤሱ ኖረ አልኖረ አንድ ነው። «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የሚለውን ገዛሁ። የሚያቆየኝ ጥቂት ደቂቃ ነው። በረራውን ሴቭ አድርጎ ማሽኑን በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ግን ዩፒኤስም ስታቢላይዘርም አያስተማምንም። ሶኬቱንና የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅሎ መጠበቅ ነው። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ይረዳኛል።

ፓወር ሰፕላይ ላይ አትሰስቱ። 650 ዋት፣ 80 ፕላስ ጎልድ (ብዙ ኤሌክትሪክ በሙቀት የማያባክን ደረጃ)፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ወሰድኩ። ማሽኔ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከ350 ዋት ብዙም አያልፍም። ትርፉ ለጸጥታና ለዕድሜ ነው። ስሙ የማይታወቅ፣ በእጅ ሲያነሱት ቅልል የሚል ፓወር ሰፕላይ ኬዝ ውስጥ ተገጥሞ ሲሸጥ ካያችሁ፣ ሻጩን አመስግናችሁ እለፉ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ሒሳቡን ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ። የበረራ ሲሙሌተር ሥራውን ለብዙ ኮር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለየብቻ ለሚሠሩ ክፍሎች፣ እኩል አያከፋፍልም። አብዛኛው ጭነት አንድ ዋና መስመር ላይ ይወድቃል። 16 ኮር መግዛት ስለዚህ ትርጉም የለውም። የሚጠቅመው የአንዱ ኮር ጉልበትና ካሽ ነው። ካሽ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽና በጣም ፈጣን ማከማቻ ነው። ለእያንዳንዱ ስኒ ቡና ሒርማታ ገበያ መመላለስና ቆልቶ ጓዳ ማስቀመጥ አንድ አይደለም፤ ካሽ ጓዳው ነው። ራይዘን 7 5700 ኤክስ እና ራይዘን 7 5700 ኤክስ3ዲ ስማቸው ተቀራራቢ ነው። የመጀመሪያው እስከ 4.6 ጊጋኸርትዝ ይደርሳል፣ ካሹ 32 ሜጋባይት ነው። ሁለተኛው 4.1 ላይ ይቆማል፣ ካሹ ግን 96 ሜጋባይት ነው። ወረቀት ላይ የመጀመሪያው የሚሻል ይመስላል፤ በሲሙሌተር ግን ሁለተኛው ይበልጠዋል። እኔ የገዛሁት ሁለተኛውን ነው። አዲሱና የተሻለው 7800 ኤክስ3ዲ ነበረ፤ እሱ ግን አዲስ ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ሰሌዳ) እና ዲዲአር5 የሚባለውን አዲስ ዓይነት ራም ይጠይቃል። ያንን ልዩነት ለመብራቱና ለዲስኩ አዋልኩት።

ከመግዛቴ በፊት ያደረግሁት አንድ ፈተና አለ፤ ለሁሉም እመክራለሁ። ኤክስ-ፕሌን ነፃ ሙከራ አለው። ባለህ ወይም በጓደኛህ ኮምፒውተር ጫነውና የፍሬም መረጃውን ስክሪን ላይ አውጣ። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ለአንድ ፍሬም የወሰዱትን ጊዜ ለየብቻ ያሳይሃል። የሚረዝመው እሱ ነው የሚጎትትህ። ቀላሉ መንገድ ደግሞ የስክሪኑን ጥራት መቀነስ ነው። ጥራቱን ቀንሰህ ፍጥነቱ ካልጨመረ ችግሩ ካርዱ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ነው።

ማዘርቦርዱ ቢ550 ነው። እዚህ ላይ ክፍለ ሀገር ለምንኖር ሰዎች ወሳኝ ነገር አለ። የቆየ ማዘርቦርድ ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው ቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ካልታደሰ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም፣ አይነሳምም። ባዮሱን ለማደስ ደግሞ ቦርዱ የሚያውቀው አሮጌ ፕሮሰሰር መዋስ ሊያስፈልግ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ሄደህ ትጨርሳለህ። ጅማ ላይ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ያለ ፕሮሰሰር፣ በፍላሽ ብቻ ባዮስ የሚያድስ ቁልፍ ያለው ቦርድ ፈለግሁ። ከኋላ በኩል «ፍላሽባክ» የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ቁልፍ ናት። እሷ ከሌለች አልገዛም ብዬ ነበር፤ ጠቀመችኝም። ራሙ 32 ጊጋባይት፣ ባለ 16 ሁለት ፍሬ ነው። አንድ ባለ 32 ከመግዛት ሁለት መግዛት ይሻላል፤ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ያነብባል። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚለውን አብሩት። ካልበራ 3600 ብላችሁ የገዛችሁት ራም ከዚያ በጣም ባነሰ ፍጥነት እየሠራ ይኖራል።

ስለ ማቀዝቀዣ ስናስብ የጅማን ከፍታ የሚያስታውስ የለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በግምት 16 ከመቶ የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ሲሙሌተሩ ውስጥ ትንሿን አውሮፕላን ሴስና 172 ከጅማ ስታስነሳ ቶሎ የማትወጣው፣ ቦሌ ላይ ደግሞ ነዳጁን ማሳሳት የሚያስፈልገው በዚሁ ምክንያት ነው። ያው ሕግ ጠረጴዛው ሥርም ይሠራል። ደግነቱ ሙቀቱ ለዘብ ያለ ስለሆነ ብዙ አያስጨንቅም። የማቀዝቀዣ መምረጫ ሠንጠረዥ ለፕሮሰሰሩ ከሚለው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ፣ ባለ ትልቅ ፋን የአየር ማቀዝቀዣ ገዛሁ። የውሃውን ተውኩት። ፓምፑ ቢበላሽ መለዋወጫ እዚህ የለም፤ ፋን ግን የትም ይገኛል። ኬዙ ፊት ለፊት ወንፊት ያለው፣ የአቧራ ማጣሪያው ተነቅሎ የሚታጠብ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ግራፊክስ ካርዱ የመጣው። በ12 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3060 እና በ8 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 4060 መካከል ነበርኩ። 4060 በጉልበት ይበልጣል፤ የሚበላውም 115 ዋት ብቻ ነው፣ 3060 170 ይፈልጋል። ለብዙ ጌም 4060ን ውሰዱ እላለሁ። እኔ ግን ምድሩን በሳተላይት ፎቶ ልሸፍን ነው። ፎቶው ሁሉ የካርዱ ሜሞሪ ላይ ይወጣል። ሜሞሪው ሲሞላ ኤክስ-ፕሌን ፎቶዎቹን ያደበዝዛቸዋል፤ የጊቤ ሸለቆም ጭቃ ይመስላል። ስለዚህ 3060። ስትገዙ ካርቶኑን በደንብ አንብቡ፤ በዚያው ስም የሚሸጥ ባለ 8 ጊጋባይት አለ፣ እሱ ሌላ ካርድ ነው። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጂፒዩ-ዚ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አስፈትሹ። ስሙ የተቀየረ አሮጌ ካርድ ገበያ ውስጥ አለ። ሻጩ ማስፈተሽ ካልፈለገ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሞኒተሩ 27 ኢንች፣ 1440ፒ ነው። 4ኬ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ሲኖረው ይኼ 3.7 ሚሊዮን ነው፤ ካርዱ እፎይ ይላል፣ የመሣሪያ ሰሌዳው ቁጥርም ይነበባል። ፍሬሙን በሰከንድ 30 ላይ አሰርኩት። ለተረጋጋ በረራ 30 ሳይወዛወዝ ከቆየ፣ 60 እና 25 መካከል ከሚዘል ይሻላል። ዲስኩ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣን ዓይነት፣ ሁለት ፍሬ ነው። አንዱ ለዊንዶውስና ለሲሙሌተሩ፣ ሌላው ለፎቶዎቹ ብቻ። ዊንዶውስ ተበላሽቶ እንደገና ቢጫን ያ ሁሉ የሌሊት ማውረድ አይጠፋም።

አብዛኛው ዕቃ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው የመጣው። ሱቁ «ገጥመን እንላክልህ» ብሎ ነበር። አልተስማማሁም። ከባድ ካርድና ከባድ ማቀዝቀዣ የተገጠመበት ኬዝ በዚያ ሁሉ መንገድ ሲንገጫገጭ የማዘርቦርዱን ማያያዣ ሊሰብረው ይችላል። ሁሉም በየካርቶኑ መጣ፤ እዚሁ ከእህቴ ልጅ ጋር ገጠምነው። እሱም ከትምህርት ቤት ውጭ እጁን የሚያፍታታበት አገኘ።

ጆይስቲኩ ትረስትማስተር ቲ.16000ኤም ነው። ዋናው እጀታ የሚለካው በማግኔት ሴንሰር ስለሆነ እንደ ተራዎቹ እየተፋቀ አያልቅም። ለአቧራማ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማዞሪያውና ጋዙ ግን አሁንም በተራው ዓይነት ነው የሚሠሩት፤ የመሪ ፔዳል የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ጠረጴዛውን የሠራልኝ እዚሁ ያለ አናጢ ነው። የጅማ እንጨት ሠሪ በበርጩማው የታወቀ ነው፤ የጆይስቲክ ቦታ በልክ ማውጣት ለእሱ ቀላል ነበር። አሁን ፔዳሉን ከብረት በያጅ ጋር እየተነጋገርን ነው። የማግኔት ሴንሰሩንና አርዱዪኖ የምትባለውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የእህቴ ልጅ ይዟል፤ የሚቀረን የሞላውን (የስፕሪንጉን) ጥንካሬ መወሰን ነው።