ሦስት ተከላካይ ላይ እስካሁን የደረስኩበት

ፉትቦል ማናጀር 2024 በተባለው የአሰልጣኝነት የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ሼፊልድ ዩናይትድን ይዤ በ3-5-2 (ሦስት ተከላካይ፣ አምስት አማካይ፣ ሁለት አጥቂ) እየተጫወትኩ ነው። ክለቡን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ክሪስ ዋይልደር በ2019/20 ይህንኑ ቡድን ባደገበት ዓመት በሦስት ተከላካይ አጫውቶ ፕሪሚየር ሊጉን 9ኛ ሆኖ ጨርሷል። ባሻምና ኦኮኔል የመሃል ተከላካይ ሆነው ሳለ መስመሩን ይዘው እስከ ተጋጣሚ ሳጥን ይወጡ ነበር። እኔም ያን በጨዋታው ላይ ማየት ፈለግኩ።

ሦስቱን ተከላካዮች መምረጥ ቀላል ነው። ከባዱ ከተመላላሾቹ (መስመሩን ይዘው የሚያጠቁም የሚከላከሉም ሁለት ተጫዋቾች) ጀርባ የሚቀረውን ሜዳ ማን ይሸፍናል የሚለው ነው።

4-3-3 ከሚጫወት ቡድን ጋር የገባብኝን አንድ ግብ በሪፕሌይ ደጋግሜ አየሁት። ሁለቱም ተመላላሾች ወጥተዋል። ኳስ ተነጠቀ። የእነሱ ቀኝ ክንፍ ባዶውን መስመር ይዞ ሮጠ። የግራው የመሃል ተከላካይ ሊገጥመው ወጣ። መሃለኛውና ቀኙ ተከታትለው ወደ ግራ ሳቡ። ኳሱ ሲሻማ በሩቁ ቋሚ በኩል የነበረው ተጫዋች ብቻውን ነው። ተከላካዮቹ የተባሉትን ነው የሠሩት፤ ሰው ነው የጎደለው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ተመላላሾች እኩል አለቅም። ቀኝ ላይ ቦግል አታክ (ለማጥቃት የሚወጣ) ነው፣ የግራው ሰፖርት (ቆጠብ ብሎ የሚያግዝ)። ኳስ ሲነጠቅ የግራው ቢያንስ ግማሽ መንገድ ላይ ይገኛል። ተከላካዩ አህመድሆዚች ወደፊት መሄድ ስለሚወድ ዋይድ ሴንተር ባክ (ወደ መስመር ወጥቶ የሚጫወት የመሃል ተከላካይ) አድርጌ ሰፖርት ሰጠሁት። እሱ ሲወጣ ደግሞ ከተከላካዮቹ ፊት አንከር ይቆምልኛል። ይህ አማካይ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ለእኔ ከሦስቱ ተከላካዮች በላይ አሰላለፉን የያዘው እሱ ነው።

መሃለኛው ተከላካይ ላይ ከቨር (ወደኋላ ቀርቶ የመሸፈን ሚና) ሞክሬያለሁ። ከኋላ የሚጣል ረጅም ኳስ ላይ በጣም ይጠቅማል። ነገር ግን ከሁለቱ ዝቅ ብሎ ስለሚቆም የተጋጣሚን አጥቂ ከጨዋታ ውጪ ከመሆን ያድነዋል። የኦፍሳይድ ወጥመድ (መስመር ጠብቆ አጥቂን ከጨዋታ ውጪ ማድረግ) የምትጠቀሙ ከሆነ ሦስቱንም በአንድ መስመር አቁሟቸው።

ለተመላላሽ ተጫዋች ስፈልግ ቀድሜ የማየው ስታሚና (የመሮጥ አቅም) እና ወርክ ሬት (ትጋት) ነው፤ ክሮሲንግ (ኳስ ማሻማት) ከዚያ በኋላ ይመጣል። እዚህ ላይ የቀድሞው የቼልሲ አሰልጣኝ ኮንቴ አሳማኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቼልሲ በአርሰናል 3 ለ 0 በተሸነፈበት ጨዋታ መሃል ላይ ወደ ሦስት ተከላካይ ዞረ። ከቀጣዩ ጨዋታ ጀምሮ በሊጉ 13 ጊዜ በተከታታይ አሸንፎ በመጨረሻም ዋንጫውን ወሰደ። ቀኝ ተመላላሹ ቪክተር ሞሰስ ደግሞ የክንፍ ተጫዋች ነበር። ሙሉ መስመሩን ዘጠና ደቂቃ መሮጥ የሚችል ሰው ካለ መከላከሉን ይለምደዋል።

አሁን ከመስመር የሚመጣው አደጋ በግልጽ ቀንሷል። የሚያሳስበኝ የግራው ተከላካይ ቦታ ነው። ጃክ ሮቢንሰን ግራ እግረኛ ስለሆነ ኳሱን ወደ ውስጥ ሳይቆርጥ ቀጥታ ለተመላላሹ ያቀብላል፤ ቅብብሉ የሚፈጥነው በዚህ ነው። ግን ዕድሜው 30 ደርሷል። ወጣት፣ ፈጣንና ግራ እግረኛ የመሃል ተከላካይ በርካሽ ያገኛችሁ ካላችሁ ስሙን ጣል አድርጉልኝ፤ የጃንዋሪ ዝውውር ሳይዘጋ ላስፈርመው።