የስቱዋርት ግሬንጀርን ሰይፍ በደብተር

ስቱዋርት ግሬንጀር የሚሠራበትን የ«ስካራሙሽ» ፊልም የመጨረሻ የሰይፍ ፍልሚያ ሰሞኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በደብተሬ ላይ አስፍሬ ጨረስኩ። ደስታዬ ልክ የለውም! ለረጅም ጊዜ መሃል ላይ እየደረስኩ ስቆም ነበር። እንዴት እንደተሻገርኩት ለእናንተ ለድሮ የሰይፍ ፊልም አድናቂዎች ላካፍል።

አጀማመሬ እንደ ብዙዎቻችሁ ነው። በሰይፍ ፊልሞቹ በታወቀው ተዋናይ በኤሮል ፍሊን ገባሁ። የ1935ቱን «ካፒቴን ብለድ» እና የ1938ቱን «ሮቢን ሁድ» ካየሁ በኋላ የድሮ የሰይፍ ፊልም ማሳደድ ሆነ ሥራዬ። ግሬንጀር ጋ የደረስኩት በዚያው ነው። በ1913 ለንደን የተወለደ አንጋፋ ተዋናይ ነው። ሲወለድ የወጣለት ስም ጄምስ ስቱዋርት ነበር። በዚህ ስም የታወቀ አሜሪካዊ ተዋናይ ስለነበረ የስክሪን ስሙን ቀየረ። ልናዘዝና፣ ከፍሊንና ከእሱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ሳላመነታ ግሬንጀርን ነው የምለው። ፍሊን ሲፋለም ደስታው ይጋባል። ግሬንጀር ሲፋለም ግን ቀጥሎ ምን ለማድረግ እንዳሰበ ዓይኑ ላይ ታነባላችሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ስካራሙሽ» በ1952 የወጣ፣ ጆርጅ ሲድኒ ያዘጋጀው ፊልም ነው። ታሪኩ በፈረንሳይ አብዮት ዋዜማ የሚሆን ነው። መጨረሻ ላይ ግሬንጀርና ሜል ፈረር ቲያትር ቤት ውስጥ ይፋለማሉ። ስድስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከሰገነቱ ይጀምራል፣ በኮሪደሩና በትልቁ ደረጃ ያልፋል፣ በተመልካች ወንበሮች መሃል ዞሮ መድረኩ ላይ ያልቃል። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ማስፈር ነው ፈተና የሆነብኝ።

ችግሩ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱን ምት በፌንሲንግ (በሰይፍ ስፖርት) ስሙ ስጽፍ ገጹ በስም ይሞላል፤ ፍልሚያው ግን የለም። ሰነዘረ፣ መከተ፣ ሰነዘረ፣ መከተ። ይህን ያነበበ ሰው ማን እያሸነፈ እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ የምት ስም መጻፍ ተውኩ። አሁን ለእያንዳንዱ ሾት፣ ማለትም ካሜራው ሳይቆረጥ ለሚያሳየው ለእያንዳንዱ ቁራጭ፣ አንድ መስመር እሰጣለሁ። በመስመሩ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይገባል፤ የት ናቸው፣ ማን ወደ ኋላ እየሄደ ነው፣ ባዶው እጅ ምን ያደርጋል።

ባዶው እጅ የሚለውን አትናቁት። ሁለቱ በሰገነቶቹ ጠርዝ ላይ የሚፋለሙበትን ቦታ አስታውሱ። መርገጫው ጠባብ ነው፤ ከታች ደግሞ አዳራሹ አለ። ሰይፍ የያዘው እጅ ሥራውን ይሠራል። ሌላው እጅ ግን የሚደገፍበትን ይፈልጋል። ፍርሃቱን የሚነግራችሁ እሱ እጅ ነው። በመደበኛ ፍጥነት ስታዩት ያመልጣችኋል። እኔ የምጠቀመው ቪኤልሲ (VLC) የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ነው። «ኢ» (E) የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ፊልሙ አንድ ፍሬም፣ ማለትም አንድ ነጠላ ምስል፣ ብቻ ይራመዳል። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። ካሜራው ቀርቦ እግራቸው ሲጠፋ መስመሩን ባዶ ተዉት። በግምት የተሞላ ደብተር ምንም አያስተምርም።

ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ የሚሉ አሉ። ለሌላ ፊልም ይሁን። እዚህ ግን በፍጹም አልስማማም። በዚህ ፍልሚያ ላይ ሙዚቃ የለም። የምትሰሙት ብረት፣ ኮቴና የሕዝቡን ጩኸት ነው። ምቱን የሚመራው የብረቱ ድምፅ ነው፤ እሱን ካጠፋችሁ ግማሹን ጣላችሁት ማለት ነው። በኋላ ሙዚቃ ጭነው የሚለቋቸውን ቁርጥራጭ ቪዲዮዎችማ ባታዩ ይሻላል።

ቁርጥራጩን የምጠላበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የግሬንጀር ትልቁ ሥራ ያለው ከዚያ ትዕይንት ውጭ ነው። ገጸ ባሕርይው አንድሬ ሞሮ መጀመሪያ ላይ ሰይፍ አያውቅም። ማርኪው፣ ማለትም ሜል ፈረር የሚጫወተው መኳንንት፣ ጓደኛውን ሲገድልበት በንዴት ሰይፍ አንስቶ ይገባበታል፤ ሰውዬው እንደ ልጅ ይጫወትበታል። ከዚያ ይሸሻል፣ ይማራል፣ ሌላ ሰው ሆኖ ይመለሳል። የሚያስተምረው ደግሞ የዚያው የማርኪው የራሱ መምህር ነው! እንግዲህ አስቡት፤ ለፊልሙ ሲል ሰይፍ በደንብ የሠለጠነ ተዋናይ የማይችል ሰው ሆኖ መታየት አለበት። በመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ክንዱን ተመልከቱ። ከትከሻው ነው የሚመታው፤ መላ ሰውነቱ ከሰይፉ ጋር ይወረወራል። በመጨረሻው ላይ ሥራው ወደ እጁ አንጓ ወርዷል። ጥሩ ሰይፈኛ መምሰል ብዙዎች ይችሉበታል። መማሩን ደረጃ በደረጃ በሰውነቱ ያሳየኝ ግን ግሬንጀር ነው።

ሜል ፈረርንም አትርሱት። ዳንሰኛ ነበር፤ አቋቋሙ ላይ ያስታውቃል። ሁለቱንም ያዘጋጃቸው ቤልጅየማዊው የሰይፍ መምህር ዣን ሄረማንስ ነው። አድናቂዎች የመምህራኑን ስም ብዙ አናነሳም፤ ልናነሳ ይገባል። የፍሊንን ፍልሚያዎች ያቀነባበረው ፍሬድ ካቨንስም እንዲሁ።

ለጀማሪ የምመክረው አንድ ትዕይንት ይዞ መክረም ነው። «ምርጥ አሥር ፍልሚያዎች» እያሉ መዝለል ዓይን አያሠለጥንም። መጀመሪያ ተሸናፊውን ብቻ ተከታተሉ፤ አሸናፊው የሚያምረው እሱ በደንብ ሲሸነፍ ነው። ደብተሩ የግድ አይደለም፤ እኔ ግን ያለ እሱ አይሆንልኝም።

ቀጥሎ ያሰብኩት በዚያው በ1952 የወጣውን «የዜንዳው እስረኛ» ነው። ግሬንጀር ሁለት ሰው ሆኖ ይጫወታል፤ የሚፋለመው ከጄምስ ሜሰን ጋር ነው። የ1937ቱን ፊልም በጣም ተጠግቶ የተሠራ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቼ ሾት በሾት ላስተያይ ነው። ሁለቱን ፊልሞች በአንድ ጊዜ፣ በእኩል ፍጥነት የሚያስኬድ ቀላል መንገድ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።