መስታወቱ ስር ያሉት መጻሕፍት

ፀጉር ቤቴ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም አግዳሚ አለኝ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ ደንበኛው ግማሽ ራሱ ተቆርጦ ይጠብቃል። አንድ ቀን እንዲህ ተንጠልጥሎ የቀረ ልጅ፣ ስልኩም ባትሪ ጨርሶበት፣ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ አሳዘነኝ። በማግስቱ ከቤት 11 መጻሕፍት አምጥቼ መስታወቱ ስር ደረደርኩ።

ሦስት ሳምንት ማንም አልነካቸውም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ያመጣሁት እኔ የምወዳቸውን ብቻ ነበር፤ ከፊት ያቆምኩት ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን። ስወደው ለጉድ ነው። ግን ፀጉሩን ሊቆረጥ የመጣ ሰው ያን የሚያህል ጥራዝ አይጀምርም። አንድ ባጃጅ ነጂ አገላብጦ አየውና «ወንድሜ፣ የሚያስሮጥ የለህም?» አለኝ። ስለላ፣ ግድያ፣ ምርመራ ማለቱ ነው። እውነቱን ልናገርና እንዲህ ያለውን እንቅ ነበር።

ንቀቴን ያስጣሉኝ ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው። ጢማቸውን እያስተካከልኩ ያን ባጃጅ ነጂ ሳማው ሳቁ። «ልጄ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ልብ ወለድ አንብበኸዋል? በ1900 ሮም የታተመውን?»

«አላነበብኩም፣ ጋሼ።»

«ጦርነት አለበት፣ ምርኮ አለበት፣ ልጅቷ የወንድ ልብስ ለብሳ ትጓዛለች። ታዲያ የእኛ ልብ ወለድ የተጀመረው በሚያስሮጥ አይደል?»

ምላጩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። በሳምንቱ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ በላስቲክ የታሰረ የማሞ ውድነህ የስለላ መጽሐፍ ይዘውልኝ መጡ። ሲነጋ ጨርሼዋለሁ። ያን ቀን የቆረጥኳቸው ሰዎች ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ ወዲህ «ምን ማንበብ ትወዳለህ?» ብዬ አልጠይቅም። ሰው ያፍራል፣ አለዚያም ትልቅ መጽሐፍ ይጠራል። «ሰሞኑን ምን ፊልም አየህ?» እላለሁ። ለባጃጁ ልጅ «ዴርቶጋዳ»ን ሰጠሁት፤ የይስማዕከ ወርቁ፣ በ2002 የወጣው። በሦስተኛው ቀን ይዞት መጣ። «ጣና እኮ እዚሁ ጎረቤታችን ነው! ይሄ ሁሉ ጉድ እዚያ?» አለ። ቀጥሎም «ቀጣዩስ?» «ራማቶሓራ»ን ፍለጋ ፒያሳ ወጣሁ።

አዲስ ደራሲ የማገኘውም እዚያው ነው፣ አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጋ ልጅ ዘንድ። የጀርባ ሽፋን አላነብም፤ እዚያ ላይ የማይሞገስ መጽሐፍ የለም። መሃሉን እከፍትና ሁለት ሰው የሚነጋገርበትን ገጽ እፈልጋለሁ። ማን እንደተናገረ ሳይጻፍልኝ ድምፃቸውን ከለየሁ እገዛለሁ። ሁሉም እንደ ደራሲው የሚያወሩ ከሆነ ቦታው እመልሰዋለሁ። ሁለቴ ተሸውጃለሁ፤ ንግግሩ አሪፍ ሆኖ መጨረሻው ውሃ ውሃ ያለ።

ማዋሱ ግን አስከፍሎኛል። ከ11ዱ አራቱ በወጡበት ቀሩ። አሁን ደብተር አለኝ፤ ስም፣ ቀን፣ ስልክ ይጻፍበታል። የድሮውን ያላመጣ አዲስ አይወስድም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ወደ ቤቱ ተመልሷል፤ ቢጠፋ የማለቅስበትን መጽሐፍ አላውስም።

አንዴ አንድ የምርመራ ልብ ወለድ ሲመለስ ገጽ 40 ጠርዝ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ይሄን ዶክተር እንዳታምኑት» ተጽፎበት አገኘሁ። ደሜ ፈላ። ልለጥፍበት ወረቀት ስቆርጥ አስተማሪው «ተወው» አሉኝ። መጽሐፉ አሁን ወረፋ አለው። ገጽ 73 ላይ ሌላ እጅ «ተሳስተሃል» ብሎ መልሶለታል። ማን ልክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልናገርም።

ባለፈው ቅዳሜ የባጃጁ ልጅ ሊቆረጥ መጥቶ ከጃኬቱ ውስጥ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ደራሲ ነው። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ ሳበውና ከሌላው ኪሱ ትንሽ ደብተር መዘዘ።

«መጀመሪያ ስምህን ጻፍ» አለኝ። «እስከ አርብ ነው።»