ማን ፈረመበት?

ደብረ ብርሃን፣ ጥር

ሰሞኑን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ። ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

እናቴ የምትኖረው መንዝ ውስጥ ባለች አንዲት ቀበሌ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቀበሌዋ ንጹህ ውሃ ሊገባ ነው ተባለ። ሰው ደስ አለው። ከሌለው ላይ ገንዘብ አዋጣ። ቦዩን የቆፈሩት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው። ድንጋይ ያቀረቡት፣ አሸዋውን በአህያ ያመላለሱትም እነሱ ናቸው። ከዚያ ሮቶው ተሰቀለ፣ ቦኖው ተተከለ፣ ሪባን ተቆረጠ። ባለሥልጣናቱ ጀሪካን የያዙ ሴቶችን ከጎናቸው አቁመው ፎቶ ተነሱ። ውሃው ለጥቂት ሳምንታት መጣ። ከዚያ ፓምፑ ተበላሸ ተባለ። ይኸው እስከ ዛሬ ተበላሽቷል እንደተባለ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አልጽፍም ነበር። ማሽን ይበላሻል። መለዋወጫ ይጠፋል። በጀት ያጥራል። ድሃ ነን፣ ይሄን እናውቃለን። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። እናቴን ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ የሕዝብ ስብሰባ ነበርና ገብቼ ተቀመጥኩ። ከወረዳ የመጣው ኃላፊ ሪፖርት አነበበ። ያ ቦኖ ሪፖርቱ ውስጥ አለ። «ተጠናቆ አገልግሎት እየሰጠ የሚገኝ» ይላል። የተጠቃሚው አባወራ ብዛት ሳይቀር ተቀምጦለታል። ይህን ቁጭ ብለው የሚሰሙት ሰዎች በዚያው ጠዋት ገደል ወርደው ከምንጭ ቀድተው የመጡ ናቸው።

አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙና «የኔ ልጅ፣ ውሃው አለ ካልክማ እሰየው። በል ተነስና ውሰደን፣ እንቅዳ» አሉት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። መድረክ የሚመራው ሰው «እማማ፣ አስተያየትዎ ተይዟል» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። ኃላፊው ወረቀቱን ገለጠና ስለ ችግኝ ማንበብ ቀጠለ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ምክንያቱም ያ ወረቀት እዚያ አይቀርም። ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይሄዳል። በየደረጃው ይደመራል፣ በመቶኛ ይሰላል። በመጨረሻ ክልል ላይ የተቀመጠ ሰው ሲያየው የእናቴ ቀበሌ ውሃ ያላት ቀበሌ ሆናለች። ታዲያ ውሃ ላላት ቀበሌ የጥገና በጀት ማን ይመድባል? በወረቀት ላይ የሚሠራን ፓምፕ ማን ይጠግናል? የውሸት ሪፖርት ብዙ ሰው እንደሚያስበው የጸባይ ጉድለት ብቻ አይደለም። ውሃውን ሁለተኛ ጊዜ የነጠቀን እሱ ነው። የመጀመሪያው ብልሽት ነበር፣ ሁለተኛው ግን ሰው አውቆ ያደረገው ነው።

ሥራውን ያሠራው ኃላፊ የት እንዳለ ጠየቅኩ። «ተነስቷል» አሉኝ። ተነሳ ማለት ተቀጣ ማለት አይደለም። ሌላ ወረዳ የተሻለ ቦታ ላይ ተመድቧል። አሁን ያለውን ብትጠይቀው «እኔ ከመምጣቴ በፊት የነበረ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። እሱም ነገ ይነሳል፣ የሚተካውም ያንኑ ይላል። እንዲህ እያለ ጥፋቱ ባለቤት አልባ ይሆናል። ግምገማ ይደረጋል ይባላል፤ ሂስና ግለ ሂስ አለ ይባላል። ግን የሚገማገሙት እርስ በርሳቸው ነው። በሩ ዝግ ነው። ውሃ ያጣችው ሴት እዚያ አዳራሽ ውስጥ የለችም።

ይሄን ሳሰላስል አእምሮዬ ወደ 1965 ዓ.ም. ይሄዳል። እኔ አልነበርኩም። ግን የደሴ መንገድ የእኛም መንገድ ነው። ሸዋ ሮቢትን አቋርጦ፣ በደብረ ሲና አልፎ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ ነው ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው። የወሎ ረሃብ በዚህ አካባቢ ሽማግሌዎች አፍ ላይ እስካሁን አለ። ዝናብ የከለከለው ባለሥልጣን አልነበረም። ሰው ያለቀው ግን በድርቁ ብቻ አይደለም፣ በዝምታውም ጭምር ነው። ችግሩ በየደረጃው ይታወቅ ነበር። ታውቆም ተደበቀ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ስም እንዳይጠፋ ተብሎ ገበሬው ጠፋ። ዓለም በሰፊው የሰማው በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የውጭ ጋዜጠኛ ቀርጾ ካሳየው በኋላ ነበር።

በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ። የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋት የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቋመ። ይሄ ለሀገራችን ትልቅ ነገር ነበር። ሚኒስትር የነበረ ሰው ቁጭ ብሎ «ይህን መቼ አወቅህ? ካወቅህ በኋላ ምን አደረግህ?» ተብሎ ሊጠየቅ ነበር። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ ግን ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎችን፣ አብዛኞቹ የቀድሞ ባለሥልጣናት የነበሩትን፣ ያለ ፍርድ ረሸነ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያነሳ ስለ ደሙ ነው የሚያወራው። ልክ ነው፣ ደሙ ያሳዝናል። እኔን ግን ከዚያ በተጨማሪ የሚያንገበግበኝ መልሱ አብሮ መቀበሩ ነው። ስለ ረሃቡ ማን ያውቅ ነበር? ከመቼ ጀምሮ? የትኛው ደብዳቤ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ቀረ? ይህ በፍርድ ቤት በአደባባይ ቢሰማ ኖሮ ከዚያ በኋላ የተሾመ ሁሉ ትምህርት ይወስድበት ነበር። አልተሰማም። ደርግም ራሱ ቆይቶ በ1977ቱ ረሃብ ተመሳሳይ ነገር አደረገ። አዲስ አበባ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ስትሽሞነሞን ሰሜኑ ይራብ ነበር።

እኛ ጋ ያለው ሁለት ነገር ብቻ ይመስለኛል። ሰውየው ወንበር ላይ እያለ ይወደሳል፣ ከወንበር ሲወርድ ይዋረዳል። በመሀል ያለው ተራ ጥያቄ የለም። በየዓመቱ ሳይጮኽ፣ ሳይሳደብ፣ ሰነድ ይዞ የሚመጣ ጥያቄ የለም።

ሩቅ ሳልሄድ የያዩን የማዳበሪያ ፋብሪካ ላንሳ። ኢሉባቦር ውስጥ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሥራው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ ተሰጠ። በሁለት ዓመት ያልቃል ተባለ። የሕዝብ ገንዘብ በቢሊዮን ተከፈለ። አላለቀም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን «ግንባታው ይህን ያህል በመቶ ደርሷል» የሚል ዜና ስንሰማ ነበር። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የኮርፖሬሽኑ የቀድሞ ኃላፊዎች ሲያዙ በቴሌቪዥን አየን። ሰው አጨበጨበ። እጅ በካቴና ሲታሰር ማየት ለጊዜው አንጀት ያርሳል። ነገር ግን ክፍያው እንዲለቀቅ ማን ፈረመ? ሥራው መቆሙን እያየ ማን ሪፖርቱን አሳለፈ? ይህን የጂሩ ገበሬ እስካሁን በቅጡ አልሰማም። እነዋሪ አካባቢ ያንን ጥቁር መሬት አጠንፍፎ ስንዴ የሚያበቅለው ገበሬ፣ ምንጃር ላይ ጤፍ የሚዘራው ገበሬ፣ ዛሬም በየዓመቱ ከውጭ የሚመጣ ማዳበሪያ ነው የሚጠብቀው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ጠፍቶ የክልሉ ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አቤት ብለዋል። ያ ሰልፍና ያ ያላለቀ ፋብሪካ አንድ ታሪክ ናቸው።

ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል። እኔ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ካገኘሁት ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ። በወቅቱ ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ ከግዥ ሕግ ውጪ የተፈጸመ ግዥ። በየዓመቱ ያው ነው። ኦዲተሩ ሥራውን ሠርቷል። የሚጎድለው ከሪፖርቱ ማግስት ያለው ነው።

መንዝ ደግሞ ሌላ ነገርም አሳይታናለች። ጓሳ። ቱሪስት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ ነው የሚመጣው፣ እኔን ግን የሚገርመኝ አስተዳደሩ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበር የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ነበር። የሳሩ ተጠቃሚዎች ተሰብስበው በሁሉም ፊት የሚጠብቅላቸውን ሰው ይመርጣሉ። አባ ቄራ ይባላል። ቦታው ሳሩ እስኪያገግም ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ ለሁሉም ይከፈታል። በዚያ ሳር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ በድርቅ ጊዜ ከብት ይተርፋል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል፣ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። ቅጣቱ ዛሬ ይመለስ አልልም። የምለው አባ ቄራው «ሳሩ አለ» ብሎ መዋሸት አይችልም ነበር ነው። ሰዉ ሁሉ ተራራው ላይ ቀና ብሎ ያየዋል። የመረጡት ሰዎች ጎረቤቶቹ ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን አብረውት ይሳለማሉ። ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ አያመልጥም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሳሩም ተጎዳ። ኋላ ነዋሪዎቹ በራሳቸው ደንብና በራሳቸው ጠባቂዎች መልሰው አቆሙት። ዛሬ የማህበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ያንን ያደረጉ ሰዎች አንድ ቦኖ መቆጣጠር ያቅታቸዋል ብሎ የሚነግረኝ ካለ አልሰማውም።

አንዳንዴ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሰው እንደ ምክር ሲናገረው እሰማለሁ። ያመኛል። ወንበሩን የበላ ሰው ብልጥ ተብሎ ይመሰገናል፣ ሳይበላ የወረደው ሞኝ ይባላል። ይሄን ለልጆቻችን እያወረስን ከባለሥልጣን ንጽህና መጠበቅ ከባድ ነው።

ሕጉማ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ኃላፊነቱን ያጓደለ ተጠያቂ ይሆናል፣ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት ይችላል ይላል። የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ለማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ይህን ስነግራቸው የእናቴ ጎረቤቶች አላወቁም ነበር። ቢያውቁስ ኖሮ ማን ይደፍራል?

እናቴ አልደፈረችም። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን ደብዳቤ እንጻፍ ስላት ዝም አለች። ከዚያ «ተይ ልጄ። አንቺ ነገ ደብረ ብርሃን ትመለሻለሽ። እዚህ የምንቀረው እኛ ነን» አለችኝ።

መልስ አጣሁላት። ልክ ናት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአካባቢያችን ሰላም የለም። በዚህ ጊዜ ጥያቄ ያነሳ ሰው ስለ ውሃ ቢጠይቅም «የማን ወገን ነህ?» ነው የሚባለው። ማዳበሪያ በኃላፊው እጅ ነው፣ የድጋፍ ደብዳቤ በኃላፊው እጅ ነው፣ የልጅ ሥራ በኃላፊው እጅ ነው። ከተማ ተቀምጦ «ሕዝቡ ለምን ዝም ይላል?» ማለት ቀላል ነው። እኔም እዚያ ብኖር ምን እንደማደርግ እርግጠኛ መሆን አልችልም። ስለዚህ ጉዳዩን እኔ ወስጄ የእኔ አላደረግኩትም። ለጎረቤቶቿ ሕጉን አነበብኩላቸው፣ አዋጁን በወረቀት ሰጠኋቸው፣ ተመለስኩ።

ትናንት ስልክ ተደወለልኝ። ተነጋግረው ተስማምተዋል። ደብዳቤውን አብረው ይፈርማሉ። ማንም ብቻውን እንዳይታይ ስሞቹ በክብ ነው የሚጻፉት፣ መጀመሪያና መጨረሻ የለውም። ይህን ዘዴ ያመጡት እነሱ ናቸው። እናቴም ፈርማለች። ለምን ሐሳቧን እንደቀየረች አልጠየቅኳትም።

ረቂቁን እንዳነብላቸው በስልክ ልከውልኝ ነበር። ስድብ የለበትም። የማንም ስም አልተነሳም። መጀመሪያ ላይ «ሌቦች» የሚል ቃል ነበር፣ እነሱው አውጥተውታል። የሚጠይቁት ሰነድ ነው። የውሃው ሥራ ውል፣ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ ሕዝቡ ያዋጣው ገንዘብ ገቢ የሆነበት ማስረጃ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የርክክብ ሰነዱ። ሥራው በትክክል ተጠናቋል ብሎ የፈረመው ማን ነው? በምን ቀን? ፓምፑ ከቆመ በኋላ «አገልግሎት እየሰጠ ነው» የሚለውን ሪፖርት ማን አዘጋጀ፣ ማን አጸደቀ? ኃላፊው ሌላ ወረዳ ቢሄድም ፊርማው እዚያው ፋይል ውስጥ ነው።

ሰኞ መዝገብ ቤት ያስገቡታል። በሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስደርገው ይመለሳሉ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። መልስ ከጠፋ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት ይላሉ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም። የአቤቱታውን ረቂቅ እኔ እንድጽፍላቸው ጠይቀውኛል። ዛሬ ማታ እጀምረዋለሁ።