የመጀመሪያ ስካርፋችሁ ጎርበጥ ያለ ይሁን

ሹራብ በእጅ መሥራት መማር ለምትፈልጉ አንድ ምክር አለኝ። የመጀመሪያ ሥራችሁ ስካርፍ ይሁን፤ ልሙጥ ስካርፍ ግን አይሁን። እጅ ሲዳስሰው ፍሬ ፍሬ የሚል፣ ጎርበጥ ያለ ይሁን። ብዙ ሰው የሚያስበው ተቃራኒውን ነው። ልሙጡ ቀላል፣ ጥለት ያለው ከባድ ይመስለዋል።

ልሙጥ ሹራብ ፊቱና ጀርባው አንድ አይደለም። በዚህ ምክንያት ግራና ቀኝ ጠርዙ ወደ ጀርባ ይጠቀለላል። የሚለበስ ሹራብ ሲሆን ጎኖቹ ስለሚሰፉ ችግር የለም። ስካርፍ ግን ጠርዙን የሚይዝለት ነገር የለም፤ አንገት ላይ ሲውል ተጠቅልሎ ገመድ ይሆናል። ሌላም አለ። ሹራብ የሚሠራው ክሩን ቀለበት ቀለበት እያደረጉ ነው፤ የጀማሪ እጅ አንዱን ቀለበት ያጠብቃል፣ ሌላውን ያላላል። ልሙጥ ሥራ ላይ ይሄ ሁሉ ከሩቅ ይታያል። ጎርባጣው ላይ ግን ዓይን የሚያየው ጉብታውን ስለሆነ ትንሽ መጥበቅና መላላቱ እዚያው ይዋጣል።

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ለማያውቁን ሰዎች ብርዱ የክረምት ይመስላቸዋል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡና ጭጋጉ ነው የሚያስቸግረው። አጥንት የሚሰብረው ብርድ የሚመጣው ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። አባቴ ደግሞ በነቢያት ጾም ኪዳን አያስታጉልም። ጋቢ ለብሶ ይወጣል፤ አንገቱ ላይ ግን ስስ ነጠላ ፎጣ ብቻ ነው የሚያደርገው። የተማርኩት ለእሱ ብዬ ነው። ያስተማረችኝ አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታላቅ እህት።

ስለ ክር ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ «የሱፍ ክር» ሲባል ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ነው። አክሪሊክ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ርካሽ ነው፣ ቀለሙ ብዙ ነው፣ ሲታጠብም አያስቸግርም። ለመማሪያ ደህና ነው። ግን የምትገዙትን እወቁ። ቁራጭ ክር ቆርጣችሁ ጫፉን በክብሪት ለኩሱት። የበግ ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ሲርቅ ቶሎ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረካከሳል። አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል።

ሱፍ ለብርድ የተለየ ነው። ከክብደቱ ሢሶ ገደማ የሚሆን እርጥበት ጠጥቶም ርጥብ አይመስልም። ጠዋት በጭጋግ ለሚወጣ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ እኛ በግ አገር ተቀምጠን ለምን አክሪሊክ እንገዛለን? የመንዝ በግ ሱፍ አለው፤ እናቶቻችን በእንዝርት ፈትለውታል፣ ባና ተሠርቶበት ስንቱ ሌሊት ታልፏል። ለአክስቴ ይህንኑ ጥያቄ ሳቀርብላት ከቤቷ የተፈተለ የበግ ክር አምጥታ አንገቴ ላይ አሸችልኝ። «በይ እስቲ ቻዪው» አለችኝ። ይቆረቁራል። ጸጉሩ ወፍራምና ሻካራ ስለሆነ ለባና ጥንካሬ የሰጠው ነገር ራሱ አንገት ላይ አያስቀምጥም። ስለዚህ ለአባቴ ለስላሳ ግራጫ ክር ገዛሁ፣ ሱፍና አክሪሊክ የተቀላቀለበት።

ጥቁር አትግዙ። ጥቁር ክር ላይ ቀለበት ከቀለበት መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል፣ በተለይ ማታ በአምፖል። ነጣ ያለ ቀለም፣ አንድ ወጥ ቀለም ምረጡ። ዥጉርጉር ክር የደከማችሁበትን ጥለት ይሸፍነዋል። ሱቅ ያገኘሁት ክር ቀጭን ስለነበር ከሁለት ልቃቂት እየሳብኩ ደርቤ ሠራሁት። 

መርፌዎቹን ወንድሜ ነው ከወይራ የሠራልኝ። እርሳስ የሚያክል ውፍረት አላቸው፣ ጫፋቸው ሾል ብሎ፣ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ የለሰለሱ። ለጀማሪ እንጨት ከብረት ይሻላል። ብረት ያንሸራትታል፤ እንጨት ቀለበቱን ያዝ ያደርጋል።

አሁን ወደ ሥራው። በሽመና ድር አለ፣ ማግ አለ። ሹራብ ሁለቱም የለውም። አንድ ክር ብቻ ነው፣ ከቀለበት ውስጥ ቀለበት እየተሳበ የሚሄድ። የሚለጠጠውም ለዚህ ነው፣ ከጫፉ ሲሳብ ሁሉም የሚተረተረውም ለዚህ ነው። ከቀለበት የሚወጣው አዲስ ቀለበት ሁለት ዓይነት ነው። ክሩ ከኋላ ሆኖ የቀኙ መርፌ ከፊት ወደ ኋላ ሲገባ እኛ ቀጥታ እንለዋለን። ክሩ ከፊት ሆኖ መርፌው ከኋላ ወደ ፊት ሲመጣ ግልብጥ ነው። ከመጀመርና ከመዝጋት በቀር ከዚህ ሌላ የምትማሩት ነገር የለም። ገበያ ላይ የምታዩት ሹራብ አብዛኛው ጥለቱ ከእነዚህ ከሁለቱ ነው የሚወጣው።

መርፌው ላይ 25 ቀለበት ጀምሩ። በደረብኩት ክርና በእርሳስ ውፍረት መርፌ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ይሰጣል። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆኑ የግድ ነው። ከዚያ አንድ ቀጥታ፣ አንድ ግልብጥ፣ አንድ ቀጥታ፣ አንድ ግልብጥ እያላችሁ ሂዱ። በቀጥታ ትጀምራላችሁ፣ በቀጥታ ትጨርሳላችሁ። አዙሩትና እንደገና በቀጥታ ጀምሩ። እያንዳንዱ መስመር ያው ነው። ጉብታዎቹ በየመስመሩ ቦታ እየተቀያየሩ የተዘራ እህል የመሰለ ገጽ ይወጣል። ፊቱም ጀርባውም አንድ ነው፣ ጠርዙም አይጠቀለልም።

ከሁሉም በላይ የምወደውን ነገር አሁን ልንገራችሁ። መቁጠሩን ተዉትና ሥራውን አንብቡት። በግራ መርፌያችሁ ላይ ተራ የሚጠብቀውን ቀለበት ከሥሩ እዩት። የተገለበጠ «ለ» የሚመስል ለስላሳ ቅርጽ ካለ ያ ቀጥታ ነው፤ በላዩ ግልብጥ ሥሩበት። አንገቱ ሥር አግድም የተኛች ጉብታ ካለች ያ ግልብጥ ነው፤ በላዩ ቀጥታ ሥሩበት። ባለው ነገር ላይ ተቃራኒውን ማድረግ ብቻ ነው። ይህን ማየት ከቻላችሁ ስልክ ቢጠራ፣ እንግዳ ቢመጣ፣ ቡና ቢገነፍል፣ መሐል መስመር ላይ ጥላችሁት ተነሡ። ስትመለሱ የት እንደነበራችሁ ጨርቁ ራሱ ይነግራችኋል። ልሙጡ ይህን አያስተምርም። አንድ ዓይነት ነገር እየደጋገማችሁ እጃችሁ ይለምዳል፣ ዓይናችሁ ግን እንደታወረ ይቀራል። ጎርባጣውን ጀምሩ የምለው ዋናው ምክንያቴ ይሄ ነው።

ከቀጥታ ወደ ግልብጥ ስትሄዱ ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መሐል አሳልፋችሁ ወደ ፊት አምጡ፤ ስትመለሱ ወደ ኋላ። በመርፌው ላይ ዞሮ ከመጣ ያልጠራችሁት ተጨማሪ ቀለበት ይወለዳል። ስካርፍ እየሠፋ ከሄደ ዘጠና በመቶ መንስኤው ይሄ ነው ትላለች አክስቴ። አንድ ቀለበት ከመርፌው ካመለጠ አትደንግጡ፣ ክሩንም አትጎትቱ። በመርፌ ቁልፍ ያዙትና ረጋ ብላችሁ መልሱት።

ርዝመቱ የሚለብሰው ሰው ቁመት ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። አክስቴ የለካችው በክንድ ነው፣ ሦስት ክንድ ተኩል። አንዴ ዞሮ ደረት ላይ በደንብ ይወርዳል። ልቃቂት ሲያልቅ አዲሱን ጠርዝ ላይ ጀምሩ እንጂ መሐል ላይ አትቀጥሉ። ስትዘጉትም ላላ አድርጋችሁ ዝጉ፤ ከጠበቀ ጫፉ ይኮማተራል። የተንጠለጠሉትን ክሮች አንድ ስንዝር ያህል አስቀርታችሁ ዓይኑ ሰፊ በሆነ መርፌ ወደ ውስጥ ሸሽጓቸው።

እኛ ቤት በሚካኤልና በማርያም ዕለት ክር አይነካም። እነዚያ ቀናት ለጣቶቼም ዕረፍት ነበሩ፤ ወፍራም መርፌ መጀመሪያ ላይ አውራ ጣት ያሳምማል።

እጥበቱ ለብ ባለ ውኃ፣ ሳይታሽና ሳይጠመዘዝ ነው። ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታሽ ይሸበሸባል፣ ያጥራል፣ ተመልሶም አይስተካከልም። ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። ሰቅላችሁ ካደረቃችሁት በራሱ ክብደት ይረዝማል። አክሪሊክ ያለበትን ካውያ አታስነኩት፤ ጉብታው ይሞታል።

አባቴ ስካርፉን ከጋቢው ሥር ነው የሚያደርገው። ቅዳሴ ቆይቶ ሲመለስም አያወልቀውም፣ ቁርስ ላይ እንኳ አንገቱ ላይ ነው። አክስቴ ያንን አይታ «የእኔስ?» ብላለች። ለእሷ የማስበው በአገራችን የበግ ሱፍ ነው። ጠቦት መጀመሪያ ሲሸለት የሚወጣው ጸጉር ከትልቁ በግ ይለሰልሳልና እሱን ለብቻ ለይቶ በቀጭኑ የሚፈትል ሰው እየፈለግሁ ነው። መንዝም ሆነ ደብረ ብርሃን አካባቢ እንዲህ የምትፈትል እናት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ክሩን በደህና ዋጋ እገዛለሁ።